የወገብ መድኃኒት

ሸዋ ሮቢት
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐያት፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ነሽ ልጄ? የሚዛን አማን ዝናብ፣ ጭቃው፣ የጤና ጣቢያው የሌሊት ተራ እንዴት አድርጎሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ዓይሻ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዳገት ሲያይ ይለግማል። ወንድሜ ኡበይድም ሰላም በልልኝ ብሏል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። እናትሽን ታውቂያታለሽ። የስልኩን ድምፅ ለቃ ካላወራች የሰማች አይመስላትም፤ አንቺ ሚዛን ላይ ስታስነጥሺ እዚህ ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤት «የርሐሙኪላህ» ይላል። የጠየቅሽኝ ነገር ደግሞ ለጎረቤት ጆሮ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ መነጽሬን ወልውዬ ቁጭ አልኩ። ጽሕፈቴ ቢጣመም ይቅርታሽን፤ እጄ እስክሪብቶ ከያዘ ቆይቷል።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሁድ ነው። ከማጀቴ ከተማ ድረስ ነው የመጡት፤ መሪያቸው የሰዲቅ አጎት ሐጂ ሳልህ ነበር፤ ሰዲቅም ከኋላቸው ተከትሎ መጥቷል። ዱዓ ተደረገ፣ ጫቱ ቀረበ፣ ልጅህን ለልጃችን አሉ። እኔም ደንቡ እንደሚለው ጥቂት ኮራሁ፣ ጥቂት አሳሰልኩ፣ ከዚያ ፈቀድኩ። ኒካሑ ጥር 30፣ ጁምዓ፣ ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ይታሰራል። እኔ አባትሽ ወሊ ሆኜ እጅሽን እሰጣለሁ። ይህን ቀን ሳስበው ከአሁኑ ደረቴ ይነፋል።

ያንቺንም ሸርጥ፣ ለጋብቻው ያኖርሽውን ግዴታ፣ ነግሬያቸዋለሁ። «ልጄ ጫት የሚቅም ባል አልፈልግም ብላለች፤ ሰዲቅ ከዛሬ ጀምሮ ከተወ ነው» አልኳቸው። ይህን የተናገርኩት ጉንጬ ሙሉ ሆኖ ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ንግግሬ ነክቷቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቃቸውን እየደበቁ ኖሯል። ሰዲቅ ግን ጨዋ ልጅ ነው። የሽንኩርት ገበሬው ሁሉ የውኃ ፓምፕ ሲበላሽበት የሚጠራው ሰው መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ነገር አያበዛም። «እሺ» አለና በእጁ የያዘውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ አልነካም።

ሌላም ትንሽ ነገር ተብሏል። ቁም ነገር አይደለም፤ የሽማግሌ ጨዋታ ነው። ስትመጪ አጫውትሻለሁ።

አላህ ይጠብቅሽ።
አባትሽ ሷሊሕ


ሚዛን አማን
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባቴ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ከርመዋል? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ ፖስታውን ሊነካው መጣ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ አላቆመም፤ ልብሴ ደርቆ አያውቅም።

አባዬ፣ ያ «ትንሽ ነገር» ያሉትን አጎቴ ኡበይድ ነግሮኛል። እንዳይቆጡት፤ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኩት። ሐጂ ሳልህ «ሸርጡን የተናገረው አፍ ራሱ ሙሉ ነው፤ ሷሊሕ ጫት ቅጠል ነው፣ ሱስ የለበትም ሲል ዕድሜውን ጨርሷል፤ እንግዲያው ቀላል ከሆነ እሱም እስከ ኒካሑ ቀን ይተው፤ ልጃችንም አማቱም እኩል ይሁኑ» ብለው፣ እርስዎም በአላህ ስም ምለው «እተዋለሁ፤ ይሄማ ምን አላት!» ብለዋል አሉ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ስሰማ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ደስ ያለኝን ምክንያት ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ። የፈራሁት ግን ይሄማ ምን አላት ስላሉ ነው። አላት፣ አባዬ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፉ ያንገላታዎታል፤ ቀን እንደ ድንጋይ ይወድቃሉ፣ ሌሊት ክፉ ሕልም ያያሉ። በትንሽ በትልቁ ይቆጣሉ። እናቴ ምንም ሳታጠፋ ያጠፋች ይመስልዎታል። ይህ ሲሆን ታመምኩ ብለው አይደንግጡ፤ አካልዎ የለመደውን እየጠየቀ ነው።

ቅጠል ነው የሚሉት ክርክር ደግሞ አይሆንም። ትምባሆም ቅጠል ነው፤ እዚያው ሮቢት ማሳ ሙሉ ሲበቅል አይተዋል። እኛ ለከባድ ሕመም የምንወጋው፣ ቁልፍ ካለው ሣጥን የማይወጣው መድኃኒትም መነሻው የአበባ ፍሬ ነው። ከመሬት መብቀሉ ንጹሕ አያደርገውም።

እኔም የማፍርበት አለኝ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ለሕክምና ወረፋ ለያዘው ሰው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ትምህርት እንሰጣለን። የሱስ ነገር ሲደርሰኝ ስለ አልኮልና ስለ ሲጋራ ብዙ አወራና ጫት ላይ ስደርስ እሮጣለሁ። አንዲት እናት «እናንተ ቤት የሚቅም አለ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም» አልኩ። ፊቴ ሲግል ታወቀኝ።

ምን እንደሚሰማዎት ሳይደብቁ ይጻፉልኝ።
ልጅዎ ሐያት


ሸዋ ሮቢት
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐያት፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ አሁን በስሜ ነው የምትጠራኝ፤ ከእኔ ሌላ ደብዳቤ የሚልክ ሰው የላትም መሰለኝ።

ኡበይድን ግን ሳላገኘው አልቀርም። ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርም።

ጠይቀሽኛልና ልመልስልሽ። ደህና ነኝ። የፈራሽልኝ ሁሉ ከንቱ ሆነ። እርግጥ መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎኝ ነበር፤ እናትሽም ወጡ ላይ ጨው አበዛችና ሁለት ቃል ተነጋገርን። ከዚያ በኋላ ግን ምንም። ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ፣ አብረውኝ የሚቅሙት ሰዎች ዛፉ ሥር ፍራሻቸውን ሲያነጥፉ እኔ በቦዩ በኩል ዞሬ ወደ ሽንኩርቴ እሄዳለሁ። «ሷሊሕ፣ ና እንጂ፣ ተቀምጠህ እየን» ይሉኛል። እጄን አንስቼ አልፋለሁ። እናትሽ ትደነቃለች። ከሰዓት በኋላ ያንን ሁሉ መደብ ስኮተኩት ውዬ ማታ ጨዋታዬ አያልቅም።

እንግዲህ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እኔም የማውቀውን ልናገር። በዚህ አገር ስንት ቅጠል ለስንት ሰው ሰጥቻለሁ። ለሆድ ጤና አዳም፣ ለምች ዳማ ከሴ፣ ለትል ግራዋ። ግራዋ ሱስ አስይዞ ሰው በጠዋት ተነሥቶ ግራዋ ግራዋ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ረመዷንንስ? ወሩን ሙሉ ቀን ቀን አፌን ይዤ እውላለሁ። ሱስ የያዘው ሰው እንዲህ ይችላል? ጫት የሰው ልማድ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ለዚህ ምስክሩ ይኸው እኔ ነኝ፤ ተው ሲሉኝ ተውኩ።

ጎንበስ ቀና ስለማበዛ ወገቤን ትንሽ ይይዘኛል። ለሱም ቅጠል አፍልቼ ዙህር ላይ አንድ ኩባያ እጠጣለሁና ይለቀኛል። አታስቢ።

ለሰዲቅ ስትደውዪ አማትህ በርትቷል በዪው።
አባትሽ ሷሊሕ


ሚዛን አማን
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም፤ ይስቁብኛል።

ረመዷንን ያነሡት ክርክር አላሳመነኝም። ቀኑን አፍዎን ይዘው ይውላሉ፤ ከተራዊሕ፣ ከሌሊቱ ሶላት በኋላስ? እስከ ሱሑር፣ እስከ ንጋቱ ምግብ ድረስ የነበረውን እኔ ነኝ የጫቱን ገረባ እየጠረግሁ ሳወጣ የኖርኩት። ግን ልከራከርዎት አልፈልግም። ካሸነፉ ያሸንፉኝ። በክርክር ተሸንፌ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሳላስፈቅድዎ ነው። ማክሰኞ ዕለት አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ስለ ጫት አስተማርኩ። ያች እናት ዳግም መጥታ ነበር፤ ባሏን ይዛው ነው የመጣችው። በሰው ፊት «ያኔ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «አባቴ ይቅም ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ። አሁን ግን በዚህ ዕድሜው ትቷል። ደብዳቤው ይኸው» ብዬ ኪሴን መታሁ። ባልየው ከመቀመጫው ተነሥቶ «እንዴት አድርጎ ተወ?» አለኝ። ስለ ሽንኩርቱ፣ በቦዩ ዞረው ስለሚሄዱት፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሁሉንም በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ ነው የሰማኝ። እኔም እሞክራለሁ ብሎ ሄደ።

አባዬ፣ የእርስዎን ስም ሳነሣ አንገቴን ያልደፋሁበት ቀን ይህ ነው።

ስለ ወገብዎ ግን አሰብኩ። የሚጠጡት ቅጠል የትኛው ነው? ኩላሊት የሚጎዳ እንዳይሆን። ስሙን ይጻፉልኝ።
ልጅዎ ሐያት


ሸዋ ሮቢት
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐያት፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ ደህና ነን። ሽንኩርቱ ጥሩ ይዟል። ጠዋት ጠዋት ከደብረ ሲና በኩል የሚወርደው ንፋስ በርትቷል። መንገዱ ሰሞኑን ተዘግቶ ስለነበር ይህ ደብዳቤ ቢዘገይብሽ በእኔ አትፍረጂ።

ሐጂ ሳልህ ወገቡን አሞት ወደዚህ መጥቶ ነበር። አሁን ደህና ነው።

ስለ እኔ ለሰው አታውሪ ልጄ። አባትሽ ተራ ገበሬ ነው። ለዚያም ሰውዬ ብዙ አትንገሪው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ አካል አለው።

የቅጠሉ ስም ለጊዜው ጠፍቶብኛል። የዚሁ አገር ቅጠል ነው።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች።
አባትሽ ሷሊሕ


ሚዛን አማን
ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ድፍረት ቢመስልብዎ ይቅር ይበሉኝ።

ሰዲቅ ደውሎልኝ ነበር። እያፈረ፣ ቃላት እየዋጠ ነው የነገረኝ። ሐጂ ሳልህ ከእርስዎ ቤት ሲመለሱ «አማትህ ተወ ብለህ ራስህን አታሰቃይ፤ ሸርጡ ፈርሷል፤ ከፈለግህ ቃም» ብለውታል። ለምን ሲላቸው ይስቃሉ እንጂ አይናገሩም። «ሂድና የወገብ መድኃኒት ስጠኝ በለው» ብቻ ነው መልሳቸው። ሰዲቅ ግን አልቅምም ብሏል። «ቃል የገባሁት ለሐያት ነው፤ ለአባቷ አይደለም» አለኝ። እሱም ቀላል አልሆነለትም። የፓምፕ ብሎን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥበት እንደነበር ነግሮኛል፤ ሥራ የሰጡት ሰዎች እንዳያዩት ጀርባውን እያዞረ ነው የሠራው።

ምን እንደጠጡ አሁን አልጠይቅዎትም። የማውቀው ይመስለኛል። የምጽፈው ሌላ ነገር ነው። ደስ ያለኝን ምክንያት እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር።

ያንን ሸርጥ ያወጣሁት ለሰዲቅ አልነበረም። ሰዲቅ በሳምንት አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ያለ ሸርጡም አገባው ነበር። ሸርጡን ያወጣሁት እርስዎ እንዲሰሙት ነው። ለእርስዎ ፊት ለፊት መናገር ስላልቻልኩ በእሱ በኩል ተናገርኩ። ፈሪ ነኝ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያለፍኩ ዕለት ትዝ ይልዎታል? ውጤቴን ይዤ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት። ገና ዙህር አልሆነም። እናቴ በር ላይ ያዘችኝና «አሁን አትንገሪው፤ ቆይ፣ ይቃም» አለችኝ። ወረቀቱን ጉያዬ ሥር ይዤ ኩሽና ውስጥ ተቀመጥኩ። እርስዎ ግቢ ውስጥ በሬውን ሲሳደቡ፣ ኡበይድን ሲቆጡ ይሰማኛል። ዓስር አልፎ ድምፅዎ ሲለዝብ ገባሁ። አቅፈው ከመሬት አነሡኝ፣ ጎረቤቱን ጠሩ፣ ግጥም ሁሉ ገጠሙልኝ። እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን የለም። ግን አባዬ፣ እስከ ዛሬ የማላውቀው ነገር አለ። ያን ዕለት የተደሰተልኝ እርስዎ ነበሩ ወይስ ጫቱ?

ልጅ እያለን ሁለት አባት ነበረን። አንዱን እንወደው ነበር፤ አንዱን ደግሞ እስኪያልፍ እንጠብቀው ነበር። እኔ በኒካሔ ቀን የትኛው እንደሚመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ተቆጥተው ዝም እንዳይሉኝ። ዝም ካሉኝ እሞታለሁ።
ልጅዎ ሐያት


ሸዋ ሮቢት
ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐያት፣

አልተቆጣሁም። ለመቆጣት ፊት የለኝም።

አፈርኩ ልጄ። ወላሂ አፈርኩ። ደብዳቤሽን ሽንኩርቱ ውስጥ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት፤ እስኪመሽም ቤት አልገባሁም። ሁሉንም እጽፍልሻለሁ፤ በልቤ እንደያዝኩት ከምቀመጥ ይሻላል።

የመጀመሪያውን ሳምንት በእውነት ትቼው ነበር። ያልጻፍኩልሽ እንዴት እንዳደረገኝ ነው። ሶላት ላይ ግንባሬን አስነክቼ ሱጁድ እንደወረድኩ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ጎኔ የነበረው ሰው ነው የቀሰቀሰኝ። ሕልሜ ሁሉ ገደል ነው። እናትሽን በጨው ምክንያት የተናገርኳትን ላንቺ ልጽፈው አልችልም፤ ሁለት ቃል ብዬሻለሁ፣ ሁለት አልነበረም። ሐራራ ሲባል ሰምቼ በሌሎች ስስቅ ነው የኖርኩት።

ከዚያ ጎተራው ጥግ የቆየ ደረቅ ቅጠል አየሁ። ያኔ ሸይጣን መጣ አልልሽም፤ እኔው ራሴ ነኝ። «የማልከው ላትቅም ነው፤ ብትጠጣው መቃም አይደለም» አልኩ። ለሰው ቅጠል ሳፈላ ኖሬ የለ? ለዓይሻ የወገብ መድኃኒት ነው አልኳት። አፈላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተነሥቼ ያንን ሁሉ መደብ ኮተኮትኩ። ለአንቺም በርትቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ክፋቱ ምን መሰለሽ፣ ስጽፍልሽ አምኜው ነበር። ተውኩ ብዬ አምኜ ነበር።

ሐጂ ሳልህ ወገቡን ይዞ የመጣ ቀን ግን አለቀልኝ። እናትሽ ምን ታውቃለች፤ «የሷሊሕን መድኃኒት ቅመስ እንጂ! እሱን ሲጠጣ ጎረምሳ ነው የሚሆነው» ብላ እኔ አፌን ሳልከፍት በኩባያ ሞልታ ሰጠችው። ፉት አለው። ቀና ብሎ አየኝ። ዕድሜውን ሙሉ የቃመ ሰው ምኑ ይሳተዋል? ቀስ እያለ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሣ፣ እስከ ሥሩ ጠጣው። ከዚያ «ሷሊሕ፣ ይህ መድኃኒት እኛም ቤት አለ» አለኝ። እናትሽም «አላልኩህም? የታወቀ መድኃኒት ነው!» ብላ ደግማ ቀዳችለት። በሚስቴ ፊት አላዋረደኝም፤ ይህን አልረሳለትም። ግን ሲወጣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሳቅ ነው።

አንቺ ደግሞ ያን ጊዜ በእኔ ስም ሰው እያስተማርሽ ነበር። ያ ሰውዬ፣ የሴትየዋ ባል፣ ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል። ፊቱን እንኳ አላውቀውም።

የስምንተኛ ክፍሉን ጠይቀሽኛል። እኔ ነበርኩ ልልሽ ፈልጌ እስክሪብቶውን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። አባት ለልጁ ይህን መመለስ ሲያቅተው ምን ይባላል? እናትሽ በር ላይ እንደያዘችሽ እንኳ ዛሬ ነው የሰማሁት።

ስለዚህ የወሰንኩትን ስሚ። በኒካሑ ቀን ኡበይድን ወኪል አደርገዋለሁ። እጅሽን እሱ ይስጥ። ሰዓቱ ከዓስር በኋላ ነው፤ ዕለቱን ጠጥቼ ብመጣ ውሸታም ነኝ፣ ሳልጠጣ ብመጣ በሽማግሌ ፊት ማዛጋትና መነጫነጭ ነው። ሁለቱንም አባቶች ታውቂያቸዋለሽ። ማናቸውንም ላመጣብሽ አልፈልግም። አሞኝ ቀረሁ እላለሁ።

ይቅር በዪኝ።
ሷሊሕ


ሚዛን አማን
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አለቀስኩ፤ ከዚያ እናቴ ደግማ መቅዳቷ ላይ ስደርስ ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ባልደረቦቼ አብዳለች ብለዋል።

ኡበይድ አይሆንም። አጎቴን እወደዋለሁ፣ ግን አባቴ በሕይወት ቆሞ እየሄደ በወኪል አልዳርም። አሞኝ ቀረሁ ካሉ እኔም አሞኝ ቀረሁ እላለሁ፤ ሰዲቅና ኡበይድ ይጋቡ።

አንድ ዘዴ አለኝ። ኒካሑ ወደ ጠዋት ይምጣ። ከሱብሒ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይታሰር። ጠዋት ደህና ነዎት፤ የሚያስቸግርዎት ከዙህር በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ለምን ቢሉ «ሙቀቱ ለእንግዳ ይከብዳል» ይበሏቸው። ለሰዲቅ ነግሬዋለሁ፣ ተስማምቷል። ማንም አያውቅም። ነውርዎን እኔ እሸፍነዋለሁ፤ የልጅ ወጉ ይኸው ነው።

ደግሞ ብቻዎን አይታገሉ። እዚያው ከተማ ሄደው ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። አያፍሩ። ማፈር ቢያድን ኖሮ እኛ ሁላችን በዳንን ነበር።

የሴትየዋ ባል ባለፈው ሳምንት መጥቶ «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደህና ናቸው» አልኩት። ሌላ ለመናገር ድፍረት አላገኘሁም። እሱም አልቻለም መሰለኝ፤ ዓይኑን ከእኔ ያሸሽ ነበር። ሁለታችንም ተፋፍረን ተለያየን።

ከዚህ የምነሣው ጥር 24 ነው። ከዚያ በፊት ይጻፉልኝ።
ልጅዎ ሐያት


ሸዋ ሮቢት
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐያት፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ነውርህን እሸፍናለሁ ያልሽውን ሳነብ ተነሥቼ ግቢውን ዞርኩ። ልጅነትሽን በኩሽና አስቀምጬ ያስጠበቅሁሽ አነሰና አሁን ደግሞ ሠርግሽን በእኔ ሰዓት ላስቀይርሽ? በጥር ወር ሙቀት ነው ብል ማጀቴዎች ምን እንደሚሉኝም ይታወቀኛል።

ስለዚህ ያዘዝሽኝን አላደረግሁም። ያደረግሁት ይህ ነው።

መጀመሪያ ለእናትሽ ነገርኳት። አላመነችኝም። ከዚያ ለሐጂ ሳልህ ሁለት ጊዜ መቅዳቷ ትዝ አላትና በእጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ማፍያውን ወስዳ ደጅ ወረወረችው። ማታ ደግሞ ዞራ ተኝታ ስታለቅስ ሰማኋት። «እኔን ለምን?» ነው የምትለው።

ያልሽኝንም ሐኪም አየሁ። ልጅ እግር ነው፤ አንቺን ይመስላል። «ምን ችግር አጋጠመዎት አባባ?» አለኝ። ወገቤን ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «ጫት መተው አቃተኝ» አልኩት። ሳይስቅ ጻፈ።

ጁምዓ ዕለት ደግሞ ከሶላት በኋላ ሰዎቹ ዛፉ ሥር ሲቀመጡ ሄድኩ። ሐጂ ሳልህም ለሠርጉ ጉዳይ መጥቶ ነበር። በቦዩ አልዞርኩም። ቆሜ «ስሙኝ» አልኩ። «ቅጠል ነው፣ ሱስ የለበትም ስላችሁ የኖርኩት ሐሰት ነው። በአላህ ስም ምዬ አፈረስኩ። ላለመቃም ብዬ ጠጣሁት። የወገብ መድኃኒት ያልኩት እሱ ነው። ቅጠሉ እኔን ይዞኛል እንጂ እኔ አልያዝኩትም» አልኩ። ማንም አልሳቀም። እንዲስቁ ፈልጌ ነበር፤ ቢስቁ ይቀለኝ ነበር። ሁሉም በእጁ ያለውን ያይ ጀመር። ኋላ ሐጂ ሳልህ ብቻዬን አገኘኝና «እኔ ሳልቅም ሦስት ቀን አልቆይም። ያንን ሸርጥ የጣልኩብህ አቅቶህ ለማየት ነው፤ እንደኔ መሆንህን ለማየት» አለኝ። ለዚያ ሰውዬሽ ይህን ንገሪው። አባቴ አልተወም፣ እየሞከረ ነው በዪው። ያቃተው እሱ ብቻ እንዳይመስለው።

አሁን ከጠጣሁ ጥቂት ቀን ሆኖኛል። ተውኩ ብዬ አልምልልሽም፤ መሐላዬን አይተሽዋል። ዛሬ አልጠጣሁም፤ ይህን ብቻ ጻፍኩልሽ።

ኒካሑ በነበረበት ሰዓት ነው፣ ከዓስር በኋላ። ወኪል የለም፤ ወሊሽ እኔ ነኝ። የትኛው አባት እንደሚመጣ ጠይቀሽኝ ነበር። የሚያምረው አይደለም ልጄ። ያኛውን አባት እቤት ትቼው እመጣለሁ። በእንግዳ ፊት ሳዛጋ ታዪኛለሽ፤ ፊቴም አይፈታ ይሆናል። ደስታዬን ፊቴ ላይ ብታጪው የለም እንዳትዪ፤ አለ፣ የራሴ ነው።

ለሰዲቅ ደግሞ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ቃሉን ስንለዋወጥ እጄን ይይዛል። እጄ ያልበው ይሆናል፣ ይንቀጠቀጥም ይሆናል። እሱ ያውቀዋል። እስክጨርስ እንዳይለቀኝ።

አባትሽ ሷሊሕ